ስኳር ተቅማጥን ያባብሳል ከተባለ ኦአርኤስ ውስጥ ለምን ይገባል?

ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕፃናት ዋርድ ለልምምድ ወጥተን ነበር። አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ልጇን ታቅፋ ገባች። ሦስት ቀን ሙሉ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋልም። ዓይኑ ሰርጉዷል፣ ይነጫነጫል፣ ውሃ ሲያይ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል። ኢንስትራክተራችን የኦአርኤሱን (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የግሉኮስ ዱቄት) ፓኬት ሰጡኝና ጀርባውን አስነበቡኝ። ከዚያ "ግሉኮስ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?" አሉኝ። "ለልጁ ኃይል እንዲሰጠው ነው" አልኩ። ዝም ብለው አይተውኝ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እናቴ ልጆች ሆነን ሲያስቀምጠን ጣፋጭ ነገር አትሰጠንም ነበር፤ "ይብስባችኋል" ትለን ነበር። ኢንስትራክተራችንም ለተቅማጥ ለስላሳ መጠጥ እንዳይሰጥ አስተምረውናል። ታዲያ ስኳር የሚያባብስ ከሆነ መድኃኒቱ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ፊዚዮሎጂ ላይ የሰውነት ፈሳሽ የሚለውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ደግሜ አንብቤዋለሁ። 60 በመቶ፣ 40 በመቶ፣ 20 በመቶ የሚሉትን ቁጥሮች በቃሌ ይዣቸዋለሁ። እንደ ፈሳሽ እጥረቱ ክብደት የሚመረጡትን የሕክምና ዕቅዶች፣ ፕላን ኤ፣ ፕላን ቢ፣ ፕላን ሲንም እንደዚሁ። ግን ምዕራፉ ከዚያ ልጅ ጋር በየት በኩል እንደሚገናኝ አልታየኝም። ከየት ልጀምር?

ተመራቂ 2017

እህት፣ ብዙ አትጨነቂ። ለኤግዚት ኤግዛምም ለሲኦሲም (ለሙያ ብቃት ምዘናው) የሚመጣው ፕላኑ ነው። 75 ሚሊ ሊትር በኪሎ በ4 ሰዓት፣ 100 ሚሊ ሊትር በኪሎ ለከባዱ። እሱን ሸምድጂ፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ሥሪ። ሜካኒዝሙ ለሐኪሞች ነው። እኔ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር

የኔ እህት፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። 15 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጤና ጣቢያ፣ የቀረውን ድንገተኛ ክፍል። "ኃይል እንዲሰጠው ነው" የሚለውን መልስ እኔም ከተመረቅኩ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ለእናቶች ስናገር ኖሬአለሁ። ማንም አላረመኝም። አንቺን ዛሬ የጠየቁሽ ኢንስትራክተር ውለታ ውለውልሻል።

ከላይ ወንድሜ "ሜካኒዝሙ ለሐኪሞች ነው" ያለውን ግን ልቀበለው አልችልም። ሌሊት አንድ ሰዓት ርቀት ላይ ያለ ሐኪም አይደርስልሽም፤ አልጋው አጠገብ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። የገባሽ ነገር በድካም መሃል አይጠፋም፣ የሸመደድሽው ይጠፋል።

ወረቀትና እርሳስ ያዢ፤ አብረን እንሣል።

አንድ ጤነኛ ትልቅ ሰው በቀን 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ በአፉ ይወስዳል። በዚህ ላይ ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞት፣ የቆሽትና የራሱ የአንጀቱ ፈሳሽ ሲደመር 7 ሊትር ያህል ይጨመራል። በጠቅላላው ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ በየቀኑ ወደ አንጀት ይገባል ማለት ነው። ከሰገራ ጋር የሚወጣው ግን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የቀረውን አንጀት መልሶ ወደ ደም ይወስደዋል። ሰው በአንድ ቀን እንዴት ሊደርቅ እንደሚችል የገባኝ ይህን ቁጥር ከልቤ ካሰብኩበት በኋላ ነው። ያ 9 ሊትር መመለሱ ከቀረ ሰውየው የሚያጣው የጠጣውን ብቻ አይደለም፣ የራሱን አካል ፈሳሽ ጭምር ነው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል፦ አንጀት ውሃን የሚስብ ፓምፕ የለውም። ውሃ ጨው ወደሄደበት ነው የሚሄደው። የጨው ዋና ክፍል የሆነው ሶዲየም ወደ ውስጥ ከገባ ውሃ ይከተለዋል፤ ሶዲየም አንጀት ውስጥ ከቀረ ውሃም እዚያው ይቀራል።

አንድ የአንጀት ሴል ሣዪ። በግራ በኩል የአንጀቱ ቱቦ፣ በቀኝ በኩል ደም። በቀኙ ግድግዳ ላይ የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ አለ። ሳያቋርጥ 3 ሶዲየም ያወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። በዚህ ምክንያት ሴሉ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሁልጊዜ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ከግራ ያለው ሶዲየም ወደ ውስጥ ሊገባ ይገፋል። ግን በር ያስፈልገዋል። በግራው ግድግዳ ላይ ካሉት በሮች አንዱ ኤስጂኤልቲ-1 ይባላል። ይህ በር ሶዲየም ብቻውን ቢያንኳኳ አያስገባውም፤ ግሉኮስ አብሮት ሲመጣ ነው የሚያስገባው። ሁለት ሶዲየም ከአንድ ግሉኮስ ጋር ተያይዘው ይገባሉ፣ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል። መልስሽ ይሄ ነው። ግሉኮሱ የመጣው ለጨው በር ሊያስከፍት ነው። ኃይሉ ትርፍ ነው።

ለኮሌራ ደግሞ ይህን ጨምሪበት። የኮሌራ መርዝ ሴሉን አይገድለውም። ሴሉ ውስጥ ገብቶ አዴኒሌት ሳይክሌዝ የሚባለው ኤንዛይም ሳያቋርጥ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይከማቻል፣ የክሎራይድ በሮች ይከፈታሉ፣ ክሎራይዱን ሶዲየምና ውሃ ይከተሉታል። ሶዲየም ያለ ግሉኮስ ይገባበት የነበረው ሌላው መንገድም ይዘጋል። ኤስጂኤልቲ-1 ግን አይነካም። ቤቱ ጎርፍ ሆኖ እያለ አንድ በር ደህና ቀርቷል፣ እኛም የምንገባው በእሱ ነው።

ይህን ያወቁት ሰዎች መንገድ ሁሌም ይገርመኛል። ሮበርት ክሬን የተባሉ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ግሉኮስና ሶዲየም አብረው ይገባሉ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ አቀረቡ። ያኔ የቤተ ሙከራ ወሬ ነበር። በ1968 ዳካ ላይ የኮሌራ ታማሚዎች በአፋቸው በሚጠጡት የስኳርና የጨው ውህድ የፈሳሻቸውን ሚዛን መጠበቅ እንደሚችሉ ታየ። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞች ሕንድ ውስጥ ድንበር አጠገብ ባለችው ቦንጋኦን ላይ በኮሌራ ሲረግፉ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። በሊትር 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም ጨው፣ 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት አስመዝነው በበርሜል በጥብጠው አስታማሚዎቹ ራሳቸው እየቀዱ እንዲያጠጡ አደረጉ። 30 በመቶ አካባቢ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። አንቺ የሸመደድሽው ምዕራፍ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በርሜል ሆነ።

እናትሽም ግን አልተሳሳቱም። ዛሬ የምንጠቀመው ኦአርኤስ በሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ አለው፤ ግሉኮስ 75፣ ሶዲየም 75፣ ፖታሲየም 20 ሚሊሞል፤ የሟሟበት ነገር አጠቃላይ መጠን (ኦስሞላሪቲው) 245። ከደም በትንሹ የቀጠነ ነው። ለስላሳ መጠጥ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ በሊትር 100 ግራም መሆኑ ነው። ሶዲየም ከሞላ ጎደል የለውም። በሩ ያን ሁሉ ስኳር አስገብቶ አይጨርሰውም፤ የተረፈው አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ውሃውን ከደም ወደ ራሱ ይስባል። ልጁ ይበልጥ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ስኳር አለ ወይስ የለም አይደለም፣ መጠኑና አብሮት ያለው ጨው ነው።

አንድ ነገር ላሳይሽ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። አንዲት እናት የአንድ ዓመት ልጇን ይዛ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። "ያላችሁኝን አጠጥቼዋለሁ፣ ግን ባሰበት፣ እንቢም ይላል" አለችኝ። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል፣ ጥማቱ የሚቆርጥ አይመስልም። በምን እንደበጠበጠችው ጠየቅኳት። "በሃይላንድ" አለችኝ። ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነበር። ለአንድ ሊትር የተሠራውን ፓኬት ሙሉውን በግማሽ ሊትር በጥብጣዋለች። ሶዲየሙ 150 ሆነ ማለት ነው። እኔ ነበርኩ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ "በሃይላንድ በጥብጪው" ያልኳት። የትኛው ሃይላንድ እንደሆነ አልነገርኳትም። ልጁ ሪፈር ተጽፎለት ሄዶ ድኖ ተመልሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። እናቶች በእጃቸው ይዘው እስኪያዩት ድረስ ፓኬት አልሰጥም።

የቡና ሲኒዬንም በ10 ሲሲ ሲሪንጅ ለክቼዋለሁ፤ ሰባት ጊዜ ሞልቼ ጨመርኩበት፣ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር እንሰጣለን አይደል? "በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሲኒ" ስላት እናትየው ወዲያው ይገባታል።

ሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት

ሲስተር ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ፤ የሃይላንዱን ነገር ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ልጁ በጣም የተጎዳ ከሆነ፣ ማለትም ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ሆኖ የክንዱ መጠነ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ይህን ኦአርኤስ እንደ ሌላው ልጅ አትስጪው። ምክንያቱ ሲስተር በሣሉት ፓምፕ ላይ ነው። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ሰውነት ጉልበት ሲቆጥብ ያ ፓምፕ ይዳከማል። ሶዲየም ሴል ውስጥ ይከማቻል፣ ፖታሲየም ይወጣና በሽንት ይጠፋል። ደሙ ውስጥ ሶዲየም አነስ ብሎ ብታይም በጠቅላላ አካሉ ውስጥ ግን ተትረፍርፏል። ልቡም ቀጭን ነው። ብዙ ጨውና ፈሳሽ በፍጥነት ከሰጠሽው ልቡ አይችልም፣ ሳንባው ውሃ ይሞላል። ለእነዚህ ልጆች ሬሶማል የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሶዲየሙ 45፣ ፖታሲየሙ 40። በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በየ30 ደቂቃው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት፣ እየተከታተልሽ። ኮሌራ ከሆነ ግን የሚያጣው ሶዲየም ብዙ ስለሆነ መደበኛው ኦአርኤስ ነው።

ደግሞ የቆዳ መቆንጠጥም ሆነ የዓይን መሰርጎድ እዚህ ልጅ ላይ ያታልልሻል። ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለ ፈሳሽ ሳያጣም ቆዳው ቶሎ አይመለስም። እናቱን ስለ ተቅማጡ ብዛትና ዓይኑ መቼ እንደሰረጎደ ጠይቂያት። እሷ ፊቱን በየቀኑ ስለምታይ ከማናችንም በላይ ታውቃለች።

ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ

ሲስተር፣ ዶክተር፣ ቃላት የለኝም። ሴሉን ስድስት ጊዜ ሣልኩት፤ በስድስተኛው መጽሐፉን ሳላይ ወጣልኝ። አብራኝ የምትኖረውን ልጅም አስተማርኳት።

ሲስተር፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ልጠይቅዎት። ልጁ ከአንጀቱ ነው ፈሳሽ ያጣው። ታዲያ ለምን ዓይኑ ይሰረጉዳል? ለምን ቆዳውን እንቆነጥጣለን? እርግብግቢቱስ ለምን ይጎደጉዳል? ደም ግፊቱን መለካት አይቀልም ነበር? ደግሞ ዋርድ ውስጥ አስታማሚዎች ሁሉ "ግሉኮስ ይሰቀልለት" ይላሉ፤ ግሉኮስ በአፍ ይህን ያህል ከጠቀመ በደም ሥርስ ለምን አይሰጥም?

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር

የኔ እህት፣ የመጨረሻው ጥያቄሽ እኔን ያስለቀሰኝ ጥያቄ ነው፤ ልንገርሽ።

በሥራ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት፣ ስልሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፣ በቃሬዛ አመጧቸው። ከጠዋት ጀምሮ አስቀምጧቸዋል። እጃቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፣ አንጓቸው ላይ የደም ምት ይጠፋብኛል። ልጆቻቸው እግሬ ሥር ወድቀው "ግሉኮስ ስቀይላቸው" ይሉኛል። እኛ አገር በደም ሥር የሚገባው ሁሉ ግሉኮስ ነው የሚባለው፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን። መደርደሪያው ላይ ፊት ለፊት የነበረው 5 በመቶ ዴክስትሮስ፣ ማለትም ጨው የሌለው የግሉኮስ ውሃ ነበር። እሱን ሰቀልኩ። አንድ ሊትሩ ገብቶ አለቀ። ምቱ አልተመለሰም፣ ግፊቱ አልተነሣም። ሁለተኛውን ዴክስትሮስ ላንጠለጥል ስል ጤና መኮንኑ ደረሰ። ከረጢቱን አዙሮ አነበበው። ምንም አልተናገረኝም። አውልቆ ሪንገር የሚባለውን ጨው ያለበት ፈሳሽ ሰቀለ፣ በሌላኛው እጅም ሁለተኛ ካኑላ አስገብቶ እንደዚሁ። ሁለተኛው ሊትር ሲጋመስ እኚያ እናት ዓይናቸውን ገልጠው "ውሃ" አሉ።

ጠዋት ሥራ ስናስረክብ ማዘዣ ወረቀት ገልብጦ ሦስት ሣጥን ሣለልኝ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 42 ሊትር ውሃ አለው። 28ቱ ሴሎች ውስጥ ነው። ከሴል ውጪ 14 ይቀራል፤ ከእሱ 10.5ቱ በሴሎች መካከል፣ 3.5ቱ ብቻ ደም ሥር ውስጥ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ሆኖ። የሸመደድሻቸው 60፣ 40፣ 20 በመቶዎች እነዚህ ናቸው፤ በሊትር ሲጻፉ ነፍስ ይዘራባቸዋል።

"አሁን ዴክስትሮሱን አስገቢው" አለኝ። ስኳሩን ሴሎች ይበሉታል። የሚቀረው ጨው የሌለው ውሃ ነው። የሚይዘው ጨው ስለሌለ በሦስቱም ሣጥን ይበተናል። ከ42 ውስጥ ደም ሥሩ ድርሻው 3.5 ነው፤ አንድ አሥራ ሁለተኛ። ከአንድ ሊትር ደም ሥር ውስጥ የሚቀረው 83 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከቡና ሲኒዬ ብዙም አይበልጥም። እኔ ለእኚያ እናት ሌሊቱን የሰጠኋቸው አንድ ሲኒ ነበር። ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን ግን ሶዲየም አለው፤ ሶዲየሙን ፓምፑ ሴል ውስጥ እንዳይቆይ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ውሃው ከ14ቱ ሊትር አይወጣም። ከዚያ ሩቡ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ደም ሥር ውስጥ ይቀራል። አየሽው? አንጀት ላይ ያልኩሽ ነገር ነው፤ ውሃ ጨው ያለበት ነው የሚሄደው፣ ጨው ያለበትም ነው የሚቀመጠው።

ግሉኮስ በአፍ የጠቀመው በሩ ያለው አንጀት ላይ ስለሆነ ነው። በደም ሥር ስትሰጪው በሩን አልፈሽ ገብተሻል፤ የሚያስከፍተው ነገር የለም። ስኳሩ የወረደበት ሰው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያኔ ነፍስ ያድናል። ፈሳሽ በማጣት ለሚመጣ ሾክ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዓይኑና ወደ ቆዳው። ልጁ ፈሳሽ ሲያጣ መጀመሪያ የሚጎድለው ከደም ሥሩ ነው። ደም ሥሩ ግን ወዲያው ከጎረቤቱ ይበደራል። በካፒላሪ (በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች) ውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ በሴሎች መካከል ያለው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ይሳባል። ያ ፈሳሽ ነው ቆዳውን የሚያለሰልሰው፣ ዓይኑን ከኋላ ደግፎ የሚይዘው። ብድሩ ሲበዛ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም። እርግብግቢቱም ፈሳሹ ሲያንስ ይጎደጉዳል። ግፊቱ ግን በዚህ ብድርና በልቡ ሩጫ፣ በደም ሥሮቹ መጥበብ ተደግፎ ይቆያል። ሕፃን ላይ ግፊቱ ወርዶ ካገኘሽው እጅግ ዘግይተሻል። ቆዳውን የምንቆነጥጠው ብድሩ የት እንደደረሰ ለማየት ነው።

ቁጥሮቹንም ከዚሁ አውጫቸው። ከባድ የፈሳሽ እጥረት ያለበት ልጅ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ አጥቷል ብለን እንነሣለን። የአንድ ኪሎ 10 በመቶ 100 ግራም ነው፣ ውሃ ሲሆን 100 ሚሊ ሊትር። ፕላን ሲ በኪሎ 100 የሆነው ለዚህ ነው። መጠነኛ እጥረት ያለበት ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያጣል፤ መሃሉ 7.5 ነው፣ በኪሎ 75። ወንድሜ፣ በፈተና ቀን እንኳ ቢጠፋብህ ከዚህ ታወጣዋለህ።

አንድ ቀርቶኛል፣ ለአስታማሚ ስለሚነገረው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት በገባ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ሠርቻለሁ። መሃሉ የተቀደደ አልጋ፣ ሥሩ ባልዲ፣ ባልዲው ላይ በማርከር የሊትር ምልክት። አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ በሪንገር ነፍሱ ከተመለሰች በኋላ ኦአርኤስ ጀመርንለት። ባልዲው ግን መሙላቱን አላቆመም። ወንድሙ ተቆጣ፤ "የምትሰጡት ነገር ነው የሚያስቀምጠው!" አለኝ። የክሎራይዱ በር እንደተከፈተ ነው፣ መርዙ እስኪለቅ ጊዜ ይፈልጋል። ኦአርኤስ የሚወጣውን አያቆምም፣ የወጣውን ይተካል። ይህን ቀድሜ ብነግረው ኖሮ አይቆጣም ነበር። የወንድሙን እጅ ይዞ ምቱን እንዲቆጥር አደረግኩት። "ቅድም አልነበረም፣ አሁን አለ" አልኩት። ሌሊቱን ሙሉ በኩባያ ሲያጠጣው አደረ።

ከሜሪላንድ

እኔ አገር ቤት ተመርቄ እዚህ አሜሪካ ለኤንክሌክስ (ለነርስ ፈቃድ ፈተናው) ሳጠና ይህንኑ ነገር እንደገና ተማርኩት። 5 በመቶ ዴክስትሮስ ከረጢቱ ውስጥ ኢሶቶኒክ (ከደም ጋር እኩል) ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሃይፖቶኒክ (ከደም የቀጠነ) ይሆናል። የሲስተርን ሦስት ሣጥኖች ያኔ ባገኛቸው ኖሮ ወራት ይተርፉኝ ነበር። ልጆች ላይ ደግሞ ጨው የሌለው ውሃ በብዛት ሲሰጥ አንጎል ሊያብጥ እንደሚችል አትርሺ፤ የአንጎል ሴሎችም ከ28ቱ ሊትር ውስጥ ናቸው።

ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ

ዛሬ ዋርድ ተመልሼ ነበር። የልጁን ካርድ አየሁት፤ 8.4 ኪሎ። በፕላን ቢ 8.4 በ75 ስመታው 630 ሚሊ ሊትር ሆነ፣ በአራት ሰዓት። እናቱ ግን "ትንሽ ሲጠጣ ያስመልሰዋል፣ ይህን ሁሉ እንዴት ይችላል?" አለችኝ። ምን ልበላት ነበር?

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር

630ውን በ240 ደቂቃ አካፍይው፤ በደቂቃ 2.6 ሚሊ ሊትር ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ጨጓራው ይህን አይገፋውም። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ትጠብቅና ቀስ ብላ ትቀጥል። ጡት የሚጠባ ከሆነ በመሃል ታጥባው። አጠገቧ ተቀመጪና የመጀመሪያዎቹን አሥር ማንኪያዎች ከእሷ ጋር ስጪው፤ እሷ ስታየው እጇ ይለምደዋል። በአራተኛው ሰዓት ዓይኑን፣ ቆዳውን፣ ጥማቱን እንደገና እይና ፕላኑን ቀይሪ። ወደ ቤት ሲሄዱ ዚንኩን እንዳትረሺ፣ ከስድስት ወር በላይ ስለሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም ትጨርስለት።

ሲኒዋንም አምጥታ ለኪላት። የእኔ ሲኒ 70 ነው፤ የእሷ ስንት እንደሆነ አናውቅም።